ቁጥር ይመሰክራል፤ ማን ይጠይቀዋል?

የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሀገን እ.ኤ.አ. በ2012 ባጸደቀችው የአየር ንብረት ዕቅድ፣ በ2025 ከካርቦን ልቀት ነጻ የሆነች የመጀመሪያዋ ዋና ከተማ እንደምትሆን ቃል ገባች። ቃሉ በምኞት ብቻ የተነገረ አልነበረም፤ ተቆጥሮ፣ ተደምሮና ተቀንሶ የተገባ ነው። ቤቱን የሚያሞቀው ሙቀት ከየት ይመጣል፣ አውቶቡሱ ምን ያቃጥላል፣ ስንት ሰው በብስክሌት ሥራ ይገባል፣ ከተማዋ ያስተከለቻቸው የነፋስ ማመንጫዎች ምን ያህል ኤሌክትሪክ ያመርታሉ፣ ሁሉም በመዝገብ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ግን ከተማዋ በቆረጠችው ዓመት እንደማትደርስ አሳወቀች። ያሰናከላት አንድ ማቃጠያ ነው። ጣሪያው ላይ የበረዶ መንሸራተቻ የተሠራለት አማገር ባኬ የተባለው የቆሻሻ ማቃጠያ፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ካርቦን ይዞ የሚያስቀር መሣሪያ ይተከልለታል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የመንግሥት ድጎማ ሳይገኝ ቀረ።

አብዛኛው ሰው ይህን ያልተሳካ ዕቅድ አድርጎ ያነበዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቢሳካስ ኖሮ የሚለው ነው። መሣሪያው ተተክሎ፣ ሒሳቡ ተዘግቶ፣ ውጤቱ ዜሮ ቢመጣ፣ ኮፐንሀገን በእውነት ከካርቦን ነጻ ትሆን ነበር? መዝገቧ የሚቆጥረው በከተማዋ ወሰን ውስጥ የሚወጣውን ጭስ ነው። ነዋሪዋ የሚለብሰው ሸሚዝ ባንግላዴሽ ሲሰፋ፣ የሚበላው ከብት የሚቀለበው አኩሪ አተር ብራዚል ሲዘራ፣ ሕንጻው የሚቆምበት ብረት ሩቅ አገር ሲቀልጥ የወጣው ጭስ ከወሰኑ ውጭ ስለሆነ አልተጻፈም። መኪናዎቿ የሚያወጡትም ቢሆን፣ የነፋስ ማመንጫዎቿ ወደ ውጭ በሚሸጡት ኤሌክትሪክ እንዲካካስ ነበር የታሰበው። ሲ40 የተባለው የታላላቅ ከተሞች ማኅበር፣ አዲስ አበባም አባል የሆነችበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት 79 ከተሞችን በሁለት ዓይነት መንገድ ቆጥሮ ነበር። ነዋሪዎቹ በሚጠቀሙት ዕቃ ሲቆጠር የከተሞቹ ልቀት በከተማው ወሰን ከሚቆጠረው በ60 በመቶ ይበልጣል። ከተሞቹ ያው ናቸው፣ ዓመቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው።

ኮፐንሀገን አልዋሸችም። ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የውሸት ቁጥር ቀላሉ ችግር ነው። አጭበርባሪ ሲያዝ ይቀጣል፣ ሒሳቡ ይታረማል፣ ጉዳዩ ያልቃል። ከባዱ፣ እውነት ሆኖ ሳለ ይህን ሁሉ ውጭ የሚያስቀር ቁጥር ነው። ስለ ከተማና ስለ ኩባንያ ዘላቂነት በመረጃ እንመራ ስንል ቁጥር የሚያውቀው ምኑን ነው ብለን መጠየቅ የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን የቀድሞ ችሎት ተሟጋቹ ሸማውን አጣፍቶ፣ እግሩን መሬት እየመታ «በላ ልበልሃ!» ሲል፣ ባላጋራው የተባለውን መመለስ ግዴታው ነበር። ምስክር ሲመጣም ዝም ብሎ አይሰማም። የት ቆመህ አየህ፣ ሰዓቱ ምሽት ነበር ወይስ ቀን፣ ከከሳሹ ጋር ዝምድና አለህ ወይ፣ ያየኸው መጨረሻውን ነው ወይስ ከመነሻው ነበርክ ይባላል። ምስክሩ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ከቆመበት ቦታ ግን ጓሮውን ማየት አይችልም፤ ስለ ጓሮው የሚጠይቀው ካልተገኘ ፍርዱ ጓሮ የሚባል ነገር እንደሌለ ሆኖ ይሰጣል። ቁጥርን የማየው እንደዚህ ያለ ምስክር አድርጌ ነው። ዛሬ በየማዘጋጃ ቤቱና በየኩባንያው የማየው ችግር ምስክሩን ከቆመበት አንስተው የዳኛው ወንበር ላይ ማስቀመጣቸው ነው።

ከኮፐንሀገኑ ማቃጠያ ጋር ሩቅ የማይባል ዝምድና ያለው ነገር አዲስ አበባ ውስጥ አለን። በነሐሴ 2010 ዓ.ም የተመረቀው የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታቅዶ የተሠራ ነው፤ የዴንማርኩ የምህንድስና ኩባንያ ራምቦል በዚህም በአማገር ባኬም እጁ አለበት። ሲመረቅ ከከተማዋ ቆሻሻ 80 በመቶ ያህሉን ያስወግዳል ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተወራ። ይህ ቁጥር ሕንጻው ሥራ ሳይጀምር የተነገረ ነው። የተስፋ ቁጥር ነበር፣ ግን እንደ ተፈጸመ ነገር ከአገር አገር ዞረ።

ማመንጫው የተሠራው ከቆሼ አጠገብ ነው። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ የተሸከመ ቦታ ነው። በ2008 ዓ.ም የከተማዋ ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ መጓዝ ሲጀምር፣ የሰንዳፋ አካባቢ ገበሬዎች ሽታውንና የውሃቸውን ነገር አንስተው ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ጭነቱ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ምሽት የቆሻሻው ክምር ተንዶ፣ ሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ።

ይህን ያነሳሁት ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። በየቀኑ ስንት መኪና እንደገባ፣ ስንት ሜትር ኩብ ቆሻሻ እንደተደፋ የሚጽፍ ሰው በዚያ ቦታ ነበረ። ክምሩ ሥር ስንት ቤተሰብ እንደሚያድር ግን የሚጽፍ አልነበረም፤ የሞቱት ሰዎች ቁጥር እንኳ አስከሬን ሲወጣ በየቀኑ እየጨመረ ነው የመጣው። ለቆሻሻው የተከፈተ መዝገብ ለሰዎቹ አልተከፈተም። የሰንዳፋ ገበሬ ደግሞ በአዲስ አበባ የጽዳት ሪፖርት ላይ የሚገባበት ዓምድ አልነበረውም፤ ቆሻሻው ከከተማዋ ወሰን ሲወጣ ከሪፖርቱም ወጥቷል። ገበሬው የገባው መንገድ ላይ ቆሞ በመጮህ ነው። እኔ ጩኸቱን የማየው እንደ መስቀለኛ ጥያቄ ነው፤ የምስክሩ ዓይን ያልደረሰበትን ጓሮ አሳየ።

የከተማ ዘላቂነት የሚለካበትን መንገድ በቅርብ ለማየት የሚፈልግ አንድ ጠዋት በአዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ ቆሞ ይስማ። «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ልጁ ማዳበሪያ ትከሻው ላይ ጥሏል። በር ተከፍቶ አንዲት እናት የተቀደደ ጀሪካን፣ ሁለት የዘይት ቆርቆሮ፣ ገመዱ የተበጠሰ ሬዲዮና ጥንድ ጫማ ያወጣሉ። «እናቴ፣ ጫማው ሶሉ አልቋል፤ ጀሪካኑን ልውሰድና ጫማውን ይመርቁልኝ» ይላል። «ኧረ ልጄ፣ ቆርቆሮው ብቻ ስንት ያወጣል?» ይሉታል። ተከራክረው ይስማማሉ። ማታ ያ ማዳበሪያ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል፤ በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፣ የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ማንቆርቆሪያ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ተልጦ በረባሶ ይወጣዋል፣ የታጠፈ ሚስማር በልጅ እጅ ተቃንቶ በኪሎ ይሸጣል።

አሁን ይህን ልጅ በከተማዋ መዝገብ ውስጥ እንፈልገው። የጽዳት ሪፖርት የሚጀምረው ቆሻሻው ገንዳ ውስጥ ሲገባ ነው። ጀሪካኑ ገንዳ አልደረሰም፤ ስለዚህ ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ ልጁ ያስቀረው ነገር የለም። የከተማዋን ቆሻሻ በመቀነስ ረገድ በጉልበቱ ከብዙዎች በላይ የሠራው ሰው፣ በሒሳቡ ዜሮ ነው። ጉዳዩ ከምስጋና ማጣት አልፎ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትራፊና እርጥብ ነገር ነው፤ እርጥብ ነገር በደንብ አይነድም። በደንብ የሚነድደው ፕላስቲኩና ወረቀቱ ነው፣ ልጁ የሚለቅመው። የማመንጫው ስኬት ባቃጠለው ቶንና ባመነጨው ሜጋ ዋት የተለካ እንደሆነ፣ ቁራሌው የማገዶ ተሻሚ ይሆናል። አንድ ቀን አንድ ሹም ሪፖርቱን አይቶ፣ በፍጹም ቅን ልቦና፣ ለቀማው ይከልከል ቢል ቁጥሩ ይደግፈዋል። ዘላቂነትን የሚያሳድገው ሥራ በዘላቂነት መለኪያ ስም ይጠፋል።

እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አይደለም። እንዲያውም የዘላቂነት ሐሳብ ራሱ ሲወለድ ቁጥር አዋላጁ ነበር። በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት ፍራይበርግ ከተማ የማዕድን ሥራ ኃላፊ የነበረው ሐንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ እ.ኤ.አ. በ1713 ስለ ደን አያያዝ መጽሐፍ ጻፈ። ብር የሚቀልጥበት እንጨት እያለቀ ነበር። ደን የሚቆረጠው በሚተካበት መጠን ብቻ ይሁን፣ ለሚቀጥለው ትውልድም ይትረፍ አለ። ትልቅ ሐሳብ ነው፤ እስከ ዛሬ የምንኖርበት። እሱን የተከተሉት የደን ሊቃውንት ሐሳቡን ወደ ሒሳብ ለወጡት። አንድ ደን ስንት ሜትር ኩብ እንጨት እንደሚሰጥ፣ በስንት ዓመት እንደሚተካ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጡ። ሠንጠረዡ እንዲሠራ ዛፎቹ እኩያ፣ አንድ ዓይነትና በረድፍ የቆሙ ቢሆኑ ይሻላል። ስለዚህ የተቀላቀለው አሮጌ ደን እየተመነጠረ በቦታው አንድ ዓይነት የጥድ ዘር በመስመር ተተከለ።

የመጀመሪያው ትውልድ ዛፍ አማረ። አሮጌው ደን ለዘመናት ያከማቸውን አፈር እየበላ ነበር ያደገው። በሁለተኛው ትውልድ ምርቱ ቀነሰ፤ ነፋስ ይጥለው፣ ተባይ ይፈጀው ጀመር። ቅጠሉና ጭራሮው ተጠርጎ ስለተወሰደ አፈሩ ሳስቷል፤ ወፉና ነፍሳቱ የሚኖሩበት የወደቀ ግንድ ጠፍቷል። ከደኑ ፍራፍሬ፣ መድኃኒት፣ ግጦሽና ማገዶ ያገኝ የነበረው ገበሬም ከሠንጠረዡ ውጭ ስለነበር ከደኑ ውጭ ሆነ። መለኪያው ደኑን መግለጽ ትቶ በራሱ አምሳል ሠራው። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው። ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ ያየውን አይለውጥም፤ ቁጥር ግን ሥልጣን ላይ ሲቀመጥ የማያየውን ነገር ከምድር ላይ ማጥፋት ይችላል። ጓሮውን ያላየ ምስክር ዳኛ ሲሆን ጓሮው ይታረሳል። አዲስ አበባም በምኒልክ ዘመን ማገዶ ሲያልቅባት ባሕር ዛፍ መጥቶላት እንደ ዋና ከተማ መቀጠል ችላለች፤ በጥላው ሥር ሌላ ተክል እንደልቡ እንደማይበቅል ደግሞ እንጦጦን የወጣ ሁሉ አይቶታል።

ወደ ኩባንያዎች ስንመጣ ወሰን የማበጀቱ ሥራ ይበልጥ ረቂቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውና ዛሬ አብዛኛው ትልቅ ኩባንያ የሚከተለው የልቀት አቆጣጠር መመሪያ ሦስት እርከን አለው። አንደኛው ኩባንያው ራሱ የሚያቃጥለው ነው፤ ሁለተኛው ከሚገዛው ኤሌክትሪክ ጋር የመጣው፤ ሦስተኛው ደግሞ ዕቃ ከሚያቀርቡለት ጀምሮ ምርቱን እስከሚጠቀሙት ድረስ ያለው ሁሉ። ነዳጅ ቸርቻሪ ኩባንያን እንውሰድ። የሸጠው ነዳጅ የሚቃጠለው በደንበኛው መኪና ውስጥ ነው፤ ይህ ሦስተኛው እርከን ላይ ይወድቃል። ኩባንያው በሁለቱ እርከኖች ብቻ «ልቀቴን በግማሽ ቀነስኩ» ቢል፣ ጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል ተክሎ ሊሆን ይችላል። እውነቱን ነው። የሚሸጠው ነዳጅ ግን ባለበት ነው።

ቮልስዋገን ደግሞ ከዚህ አልፎ ወደ ማታለል ሄደ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ዓለም አቀፉ የዳው ጆንስ የዘላቂነት ደረጃ ሰንጠረዥ ኩባንያውን ከመኪና አምራቾች ሁሉ ፊት አስቀመጠው። ቀናት ሳይቆዩ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የናፍጣ መኪናዎቹ ፍተሻ ላይ መሆናቸውን የሚያውቅ ሶፍትዌር እንደተጫነላቸው ይፋ አደረገ። መኪናው በፍተሻ ክፍል ውስጥ ጭሱን ይቆጥባል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ይለቀዋል፣ በአንዳንዱ ሁኔታ ከሚፈቀደው እስከ 40 እጥፍ። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ሶፍትዌሩ ነበረባቸው። ይህን ያጋለጠው ምን እንደሆነ ልብ ይባል። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መለኪያ መሣሪያ መኪናው ኋላ ጭነው ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል በአውራ ጎዳና ነዱት። ቁጥርን የረታው ቁጥር ነው፤ ሌላ ቦታ ቆሞ ያየ ሁለተኛ ምስክር። የደረጃ ሰንጠረዡ ያን ያህል መረጃ ሰብስቦ ሳለ ጥያቄውን መንገድ ላይ ይዞ የወጣ ሰው አልነበረውም።

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳው ነጥብ ዛሬ በስሙ ሕግ ሆኗል፤ መለኪያ ግብ ሲደረግ መለኪያነቱ ይበላሻል ይባላል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃኝም፤ ምክንያቱም መለኪያው የሚበላሸው በማን ላይ እንደሆነ አይነግረንም።

የቡናውን ጉዳይ እንየው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን በተጨፈጨፈበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። አስመጪው ኩባንያ እያንዳንዱ ቡና የበቀለበትን ማሳ በካርታ ነጥብ ማሳየት አለበት። ተግባራዊነቱ ተደጋግሞ ቢራዘምም ዝግጅቱ ከጅማ እስከ ይርጋጨፌ ደርሷል። ዓላማው መልካም ነው፤ ደን ያለቀበት አገር ሰው ሆኖ ይህን የሚጠላ የለም። ግን ምስክርነቱ የሚጠየቀው ከማን ነው? ከግማሽ ሄክታር በታች ይዞ፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ቡና የሚለቅም፣ ከብዙ ጎረቤቶቹ ጋር በአንድ የማጠቢያ ጣቢያ የሚያስረክብ ገበሬ ነው። ነጥቡን የሚወስድ ሰው ስልክ ይዞ ማሳው ላይ ይቆማል፣ ይሄዳል። ነጥቡ የት እንደተቀመጠ፣ ሳተላይቱ የጥላ ዛፉን ደን ብሎ ቆጥሮት አንድ ዋንዛ ሲቆረጥ ጭፍጨፋ ይለው እንደሆነ፣ ስሙ ከዝርዝሩ ቢሰረዝ ማንን እንደሚጠይቅ ገበሬው አያውቅም። የጥላ ቡናን ለትውልድ ጠብቆ ያቆየው ሰው የሚመሰከርበት እንጂ የሚጠይቅ አልሆነም። በችሎት ቋንቋ ብናየው፣ ባልዋለበት የሚፈረድበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቁጥርን ትቶ ወደ ልማድ እንመለስ የሚል ይኖራል። በዚህ አልስማማም። ቁጥር በሌለበት የሚጠቀመው ጉልበተኛው ነው። የቤጂንግ ማዘጋጃ ቤት ለዓመታት «ሰማያዊ ሰማይ የታየባቸው ቀናት» እያለ ይቆጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ብቻ 274 ቀን ሆነ። አቆጣጠሩ ሳንባ ድረስ ዘልቆ የሚገባውን ረቂቅ ብናኝ አይጨምርም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኤምባሲ ጣሪያው ላይ መለኪያ ተክሎ ብናኙን በየሰዓቱ ለሕዝብ ማሳወቅ ጀመረ። ሰው በስልኩ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አየ፤ ሳሉ የማን ቁጥር እንደሚያውቀው ለየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የቻይና መንግሥት ትልልቅ ከተሞች ያንን ብናኝ ለክተው እንዲያሳውቁ አዘዘ። ተመሳሳይ መለኪያ በአዲስ አበባም ለዓመታት ሠርቷል፤ ተመራማሪዎቻችንም ተጠቅመውበታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከኤምባሲዎቹ የሚወጣውን የአየር መረጃ ማሠራጨት አቆመ። የተዋስነው ምስክር ባለቤቱ ሲጠራው ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ የከተማ ነዋሪ የራሱን አየር የመለካት አቅም ያስፈልገዋል ስል፣ ስለ ዘመናዊነት እያወራሁ አይደለም፤ በራሱ ጉዳይ ምስክር የማቆም መብቱን ነው የምለው።

በዘላቂነት ጉዳይ ግን ከሌላው ሙግት ሁሉ የሚለይ አንድ ነገር አለ። ዋናው ባለጉዳይ አልተወለደም። ካርሎቪትስ ይትረፍለት ያለው፣ የኮፐንሀገን ዕቅድ የተጻፈለት፣ ችግኝ የሚተከልለት ሰው ገና የለም። «በላ ልበልሃ» የሚል አፍ የለውም። ሁለት ወገን በሌለበት ችሎት ደግሞ ምስክር የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ላቆመው ያደላል። ታዲያ ስለ እሱ ማን ይቆማል?

በጎጃምና በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለ። ዙሪያው ታርሶ ባለቀ ሜዳ ላይ ቤተ መቅደሱን የከበበው ደን የቆመው ሜትር ኩቡ ስለተሰላ አይደለም፤ የታቦቱ ስለሆነ ነው። ዛሬ ያለው ሰው ባለአደራ እንጂ ባለቤት ስላልሆነ ያልተወለደው ድርሻ አይነካም። ይሁን እንጂ ልማዱም ጓሮ ነበረው። የ«እመጓ» ደራሲ ሆኖ የምናውቀው የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ ካህናቱን ሰብስቦ ደኖቻቸው ከሰማይ የተነሱበትን ምስል አሳየ። ዳር ዳሩ በከብትና በሞፈር እየተሸረፈ ደኖቹ ሲያንሱ ታየ። በየቀኑ ውስጡ የሚያልፍ ሰው ይህን ማየት ከባድ ነው፤ በዓመት አንድ እርምጃ የሚሸሽ ዳር ለዓይን አይታይም። ካህናቱ መፍትሔውን ራሳቸው አመጡ፤ ከማሳ ላይ ድንጋይ ተለቅሞ በደኑ ዙሪያ ካብ ይካብ። ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ጸዳለት፤ ደኑ ከከብት ተጠበቀ። ምስሉ ለካህናቱ ቀረበ እንጂ ስለ ካህናቱ ለሌላ ሰው ሪፖርት አልተደረገም፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ደኑን ለሌላ ሰው የያዙት ሰዎች ምስክሩን ራሳቸው ጠየቁት።

ላልተወለደው ልናደርግለት የምንችለው ሌላው ነገር መጠየቂያ ማስቀመጥ ነው። ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ሲጀምር፣ ቁጥሩ ለማንም ሹመት ወይም ሽልማት የታሰበ አልነበረም። በ1964 ገንዘብ ጠፍቶ ለጥቂት ወራት ተቋርጦም ነበር። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 313 የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል፤ የዓለም የአየር ንብረት ክርክር የሚቆምበት መሠረት ያ መዝገብ ነው። ኪሊንግ መለካት ሲጀምር ያልተወለዱ ሰዎች ዛሬ ይጠይቁበታል።

እኛም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ሰምተናል፤ ከዚያም በኋላ የበለጡ ቁጥሮች። በዝናብ ወጥቶ ጉድጓድ የቆፈረውን ሕዝብ ድካም ከልቤ አከብራለሁ። ያን ድካም የሚያከብር መዝገብ ግን ችግኙ በተተከለበት ቀን አይዘጋም። ምን ዓይነት ዛፍ ነው፣ ሀገር በቀል ነው ወይስ ባሕር ዛፍ፣ የትኛው ቀበሌ የትኛው ተዳፋት ላይ ነው፣ ማን ይጠብቀዋል፣ ውሃውን ማን ያጠጣዋል፣ በዓመቱ፣ በ5ኛውና በ20ኛው ዓመት ስንቱ ጸደቀ የሚለው በየወረዳው በግልጽ ሊቀመጥ ይገባል፤ አዲስ አበባ ላይ ተደምሮ በአንድ መቶኛ ከሚነገር፣ ማንም ሄዶ ሊቆጥረው በሚችል ዝርዝር ይቀመጥ። በዚያች ሐምሌ የተወለደ ልጅ በ2031 ዓ.ም 20 ዓመት ይሞላዋል። የደን ትምህርት ተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ምናለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጭ። ዝርዝሩን ይዞ ተዳፋቱ ድረስ ወጥቶ ዛፎቹን አንድ በአንድ እንዲቆጥርና ልዩነት ካገኘ ለወረዳው ጥያቄ እንዲያስገባ፣ ወረዳውም በጽሑፍ እንዲመልስለት የሚያስገድድ ደንብ ከአሁኑ ቢወጣ ወጪው ከአንድ ክረምት የችግኝ ማጓጓዣ ነዳጅ የሚበልጥ አይመስለኝም።